ሁለተኛው ጭረት

ጥቅምት 9 ቀን

ለእትዬ፣

ከወገቤና ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። አንቺስ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ማኩረፍሽን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ስልክ ላይ አልሰማም ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ለወረቀት ደግሞ እኔ ሰነፍ ነኝ፤ እንግዲህ ቻይኝ።

«ከመዝገብ ቤት አንስተው ወዴት ወረወሩሽ» ላልሽው፣ የትም አልወረወሩኝም። አንቺ ሠላሳ ዓመት የተቀመጥሽበት ክፍል ውስጥ ነኝ፤ አልዘጋ የሚለው መስኮት አሁንም አልዘጋ ይላል። ሥራው ነው አዲስ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ያወጣው የጥራት ደረጃ ሰነድ በሙሉ፣ የመሰላሉም፣ የቧንቧውም፣ የማንሻ ገመዱም፣ በኮምፒውተር ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጠው ተብሏል። ድሮ ሰው ሰነድ ሲጠይቅ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ አራተኛው ሣጥን» ነበር የምትሉት አይደል? ሣጥኑ ሲዛወር ሰነዱ ጠፋ። ከዚያ ድረ ገጽ ከፈትን፤ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር እንደገና ሁሉም ጠፋ። አሁን ቁጥሩ ሰነዱን የትም ቢሄድ ይከተለዋል። አንዴ ከተሰጠ አይነሳም፣ አይሰረዝም፣ ለሌላ አይሰጥም። የተሻረው ሰነድ እንኳ ይሰጠዋል። ገጹን ስትከፍቺ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼና ለምን እንደተሻረ ይነግርሻል።

ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰነድ፣ ለአንድ ሰው። ቀኑን ሙሉ ገጽ ሳገላብጥ ውዬ ቤት ስደርስ የቤቴን ቁጥር ማየት ያስጠላኛል።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። በየሰነዱ መጨረሻ ገጽ ግርጌ ሁለት ትንንሽ ጭረት አለ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ። ምንድን ነው? ደግሞስ 417ን፣ ያን የብረት ገመዱን ሰነድ፣ በጽሕፈት መኪና የጻፍሽው አንቺ ነሽ እንዴ?

ሚጢሽ


ጥቅምት 24 ቀን

ሚጢዬ፣

አላኮረፍኩም። ማኩረፍም ጉልበት ይፈልጋል፣ የኔ ጉልበት ደግሞ ደረጃ እንኳ አላወጣ ብሎኛል። ልጄ ደህና ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት፤ ብቻ በዚህ ቤት ዝም የሚል ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የልጅ ልጆቼ በቴሌቪዥኑ ላይ ይጮኻሉ፣ አባታቸው ዝም በሉ ብሎ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። አንዳንዴ ጆሮዬ መድከሙን አመሰግናለሁ።

ጭረቱ የንባብ ምልክት ነው። አንድ ጽሑፍ በመኪና ከተጻፈ በኋላ ለሁለት ይነበብ ነበር። አንዷ የአዘጋጁን የእጅ ረቂቅ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ የተጻፈውን በጣቷ ትከተላለች። የጻፈችው በሰማያዊ እርሳስ፣ ያነበበችው በቀይ ትጭራለች። ሁለት ጭረት የሌለው ወረቀት ከክፍላችን አይወጣም። የማንበቢያ ጓዴን መቼም አትረሺያትም፣ ቀጭኗን፣ ያቺን በሙቀትም በብርድም ኮቷን የማታወልቀውን። አንድ ነጥብ ብትጎድል እንደ ጠፋ ልጅ ፈልጉ ትለን ነበር። አለች ወይ? ልጄ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ወሬዋን የነገረኝ የለም።

ስለ ገመዱ ሰነድ ላልሽው፣ በዚያ ክፍል ስንት ሰነድ እንደጻፍኩ ቁጥር ሰጪዋ አንቺ ነሽ፣ አንቺው ቁጠሪው። የቱን ከየቱ ልለይ? ከወገብሽ ሥር ትራስ አድርጊ። በየሰዓቱም ተነስተሽ ወዲህ ወዲያ በይ።

እትዬሽ


ኅዳር 6 ቀን

ለእትዬ፣

ትራሱን አድርጌያለሁ፤ የቢሮው ሰው ሁሉ «ልትተኚ ነው?» እያለ ይስቅብኛል።

ቀጭኗን ጠይቀሽኛል። አርፋለች፣ እትዬ። ሦስት ዓመት ይሆናታል። ያኔ ጉልበትሽን ኦፕራሲዮን ልትደረጊ ሆስፒታል የገባሽበት ሰሞን ነበርና ስትድን እነግራታለሁ አልኩ። ከዳንሽ በኋላ ደግሞ ያለፈ ነገር ማንሳት ከበደኝ። እንዲህ በደብዳቤ መሃል በመንገሬ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ጋሽ ጢሞ ቢሮ መጥተው ነበር። አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂያቸዋለሽ። እኔ ስቀጠር እሳቸው ማኅበሩን ትተው ከሄዱ ቆይተው ነበር፤ የማውቃቸው በቀልዱ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ እዚህ ሰው ሂሳብ ሲሳሳት «ጢሞ ገባበት» ይባላል። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ጢማቸው ነጭ ሆኗል፣ ኮታቸው ንጹህ ነው፣ ወንበር ስሰጣቸው ከጫፉ ላይ ተቀመጡ።

የመጡት ለ417 ነው። ሰነዱን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። የትኛው ውፍረት ያለው ገመድ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ የሚናገር ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ተሳስቶ ኖሮ፣ በወጣ በስድስተኛው ሳምንት አንድ መጋዘን ውስጥ ገመድ ተበጥሶ የአንድ ጫኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሰነዱ ተሻረ። «የተሻረበት ምክንያት» በሚለው ላይ ኮሚቴው «የአዘጋጁ የስሌት ስህተት» ብሎ ጽፏል። ይኸው ቃል ነው እንግዲህ ከቁጥሩ ጋር ለዘላለም የሚቀመጠው።

ቁጣ የለባቸውም፣ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እስኪረሳ መጠበቃቸውን፣ አሁን ሊረሳ ሲል ቁጥር ሊሰጠው ነው መባሉን መስማታቸውን ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው መሐንዲስ ሆናለች። ዘንድሮ እዚሁ ኮሚቴ ገብታ የመጀመሪያ ሰነዷን አውጥታለች። ስሟ ሲጠራ ሁለተኛው ቃል የአባቷ ስም ነው፤ ያንን ስም በመዝገቡ የፈለገ ሰው የልጅቷን ሰነድና የአባቷን 417 ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። ይሰረዝልኝ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። አይቻልም አልኳቸው። ሲነሱ በሩ ጋ ቆመው አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ስሌቱ ልክ ነበር። ረቂቁ ጠፋ እንጂ ልክ ነበር።»

የተሻሩት ሰነዶች ዝርዝር ታኅሣሥ 30 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሰፈረው እንደሰፈረ ይቀራል።

እሳቸው ሲሄዱ የ417ን መጨረሻ ገጽ አወጣሁ። አንቺ ግራኝ ስለሆንሽ ጭረትሽ ወደ ግራ ይጋደማል፣ የቀጭኗ ወደ ቀኝ። ያየሁት ሰነድ ሁሉ እንዲሁ ነው። በዚህኛው ላይ ግን ሰማያዊውም ቀዩም ወደ ግራ ተጋድመዋል። እትዬ፣ ያን ቀን ማን አነበበልሽ?

ሚጢሽ


ኅዳር 17 ቀን

ሚጢ፣

የጓደኛዬን ሞት ሦስት ዓመት ደብቀሽ፣ ከትራስና ከቢሮ ሳቅ ቀጥለሽ ነገርሽኝ። አልቅሻለሁ። እሱን ተይው።

ቁጥር ስጪ ተባልሽ፣ ቁጥር ስጪ። ሰው መርምሪ ያለሽ የለም። የጭረት መጋደም እያየሽ ሞራ ገላጭ ልትሆኚብኝ ነው? አንቺን ለዚህ ወንበር ለማብቃት የሆንኩትን እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ አታውቂም።

ለጊዜው አትጻፊልኝ።


ኅዳር 30 ቀን

ለእትዬ፣

አትጻፊልኝ ብለሻል፣ ይኸው ጻፍኩ። ስለ ቀጭኗ ሁለተኛ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። የመቃብሯን ቦታ ጠይቄ አውቄያለሁ፤ ስትመጪ አብረን እንሄዳለን።

ሰነዱ ላይ ያለውን ቀን አየሁት። እናታችን ሆስፒታል የተኛችበት ወር ነው፣ እኔም ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት። የልብስ ሻንጣዬን ያሰርሽልኝ አንቺ ነበርሽ፤ ከዚያ ወዲህ ሳቅሽ ቀነሰ እንል ነበር እኔና ወንድሞቻችን። በእናታችን ሞት ነው ብለን ነበር። ሌላ ምክንያት ካለ የኔም ነው፣ ብቻሽን አትያዢው።

417ን ከዝርዝሩ አውጥቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ዋና ጸሐፊው በየጠዋቱ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ያቺ አንዷስ?» ይለኛል። እያነበብኳት ነው እለዋለሁ። እየደከመኝ ነው። ቂምሽን እችለዋለሁ፣ የእህት ቂም የታወቀ ነው። የማልችለው ያንን «የአዘጋጁ የስሌት ስህተት» የሚለውን በገዛ እጄ ማስፈር ነው፣ የሳቸውን ፊት ካየሁ በኋላ። ከሳቸው ስህተት ከሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝና እንቅልፌን ልተኛ። ካልሆነም ጻፊልኝ።

ሚጢሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ሚጢዬ፣

ረቂቁ ፖስታው ውስጥ ነው፤ እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ ኖሯል። በእርሳስ የተጻፈ ነውና ስትዘረጊው ተጠንቀቂ፣ እጥፉ ላይ ሊቀደድ ደርሷል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሠንጠረዥ ስጽፍ ከረቂቁ ረድፍ ሥር ማስመሪያ እያደረግሁ ነበር። ያን ቀን ጠዋት የውፍረቱን ዓምድ ጨርሼ የጭነቱን ጀምሬያለሁ። ስልክ ተደወለ፣ ከሆስፒታል። የእናታችን ኦክስጅን ወረደ ሲሉኝ ሮጬ ሄድኩ፣ ሮጬ ተመለስኩ። ማስመሪያው አንድ ረድፍ ወደ ታች ተንሸራቶ ነበር። የአሥራ ሁለት ሚሊ ሜትሩን ጭነት ዘልዬ ቀጠልኩ፤ ከእሱ ጀምሮ ወደ ታች ያለው ገመድ ሁሉ ከሱ የሚወፍረውን ገመድ ጭነት አገኘ። ዓምዱ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ሲቀርብኝ ምን አልኩ መሰለሽ? ጢሞ ትቶት ነው አልኩና ሰረዝ አደረግሁበት። ቀና ብዬ አለማየቴ፣ ሚጢዬ፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቢነበብ ይያዝ ነበር። ቀጭኗ አሟት ቀርታለች። ሰነዱ ለምሳ ሰዓት ይፈለጋል፣ ሆስፒታሉ ይጠብቀኛል። በአንድ ጭረት ደግሞ ወረቀት አይወጣም። ቀዩን እርሳስ ከሷ ጠረጴዛ አንስቼ እኔው ጫርኩት። አንድ ጊዜ ነው፣ በሠላሳ ዓመት።

የጫኙ እግር ከተቆረጠ በኋላ ረቂቁን ከወረቀቴ መሃል አገኘሁትና ሁሉ ነገር ገባኝ። ጢሞ ክፍላችን መጣ። ኮሚቴው እንደሚሰበሰብ፣ ረቂቁ ከተገኘ እንደሚተርፍ ነገረኝና በትህትና «እባክሽ እህቴ፣ ደግመሽ ፈልጊልኝ» አለኝ። ፈልጌ አጣሁት አልኩት። ይህን ስለው ረቂቁ ከእጄ ሥር መሳቢያው ውስጥ ነበር። አመሰገነኝ። አመስግኖኝ ወጣ።

እናታችን ከሞተች ሁለት ወሯ ነበር፣ አራታችሁ በኔ ደሞዝ ነበራችሁ። ይህን የጻፍኩት እንድትፈርጂልኝ አይደለም፣ እንደዚያ ስለነበር ነው። ሌላ ሰው ከዚያ ባነሰ ደሞዝ እውነት ይናገር ይሆናል።

ጫኙን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ በክራንች ተደግፎ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ሰልፉን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፍኩም።

አሁን ጥያቄዬን መልሺልኝ። ስሜ ሳይነሳ የሱን ስም ማጥራት ይቻላል? ልጄ አለ፣ የልጅ ልጆቼ አሉ። ቶሎ ጻፊ። በጣም ደክሞኛል።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለእትዬ፣

ረቂቁ ሳይቀደድ ደርሷል። ከተጻፈው ጋር አስተያየሁት። አንቺ እንዳልሽው ነው፣ ከአሥራ ሁለት ጀምሮ።

ይቻላል። ቁጥሩን ባንሰርዝም የማስተካከያ ሰነድ ማውጣት እንችላለን። እሱም የራሱ ቁጥር አለው፣ ከ417 ጋር ይታሰራል፤ 417ን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሆናል። ለዋና ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሳልናገር ረቂቁ ተገኘ ብዬ አሳየሁት። ደነገጠ፣ ቀጥሎም «በጽሕፈት ወቅት በተፈጠረ ስህተት ብለን በማኅበሩ ስም እናውጣው» አለ። ስለዚህ ስም አይነሳም፤ ጋሽ ጢሞ ነጻ ይወጣሉ፣ አንቺም ትተርፊያለሽ። ሌላው መንገድ ያው የሠራው ሰው በስሙ የሚጽፈው ነው። የትኛውንም ብትመርጪ እህትሽ ነኝ። አልገፋሽም።

አልዋሽሽም፣ ሁለት ቀን ተናደድኩብሽ። ቤት ገብቼ የኮሌጅ ምስክር ወረቀቴን ከግድግዳ አወረድኩት። ዛሬ መልሼ ሰቀልኩት፤ የት ላድርገው?

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አደረግሁ። መዝገቡ ውስጥ ስምሽን ጽፌ ፈለግሁ። ከሦስት ሺህ ምናምኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በጣቶችሽ ያለፈ ነው። «ምንም አልተገኘም» አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ለጋሽ ጢሞ ምንም አልነገርኳቸውም። እሱ ያንቺ ነው። ዝርዝሩ ታኅሣሥ 30 እንደሚዘጋ አትርሺ።

ሚጢሽ


ታኅሣሥ 23 ቀን

ሚጢዬ፣

ልጄን አስቀምጬ ነገርኩት። ቴሌቪዥኑን አጠፋው፤ በዚህ ቤት ሲጠፋ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። «ያቺን ሻንጣ አትንኩ ስትይን የኖርሽው ለዚህ ነው?» አለኝ። ለዚህ ነው አልኩት። ተነስቶ ሻይ አፈላልኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገና አላወቅሁም፣ ሻዩን ግን ጠጣሁት።

የዋና ጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር አልፈልገውም። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ በመጣልኝ ቁጥር ከኋላው የተደበቀ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ስጽፍላቸው ኖሬያለሁ። የኔን በሌላ ወረቀት ጽፌ ልኬልሻለሁ፣ አራት መስመር ነው፦

«በ417 ሠንጠረዥ የጭነት ዓምድ ውስጥ አንድ ረድፍ የዘለልኩት እኔ ነኝ። የአዘጋጁ ስሌት ልክ ነበር፤ የእጅ ረቂቃቸው ተያይዟል። ረቂቁን እስከ ዛሬ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። በዚህ ስህተት አንድ ሠራተኛ እግሩን አጥቷል።»

ከዚህ ላይ አንድ ቃል እንዳይነሳ። የጸሐፊ ስም በሚለው ቦታ ስሜን ከነአባታችን ከነአያታችን አስገቢው። አባታችን ያንቺም አባት ስለሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ስሙን ያየ ሰው እህቴ መሆንሽን ያውቃል።

ለጢሞም ጽፌያለሁ፣ በሌላው ፖስታ ውስጥ አለ። አትክፈቺው። ሲመጣ ስጪው።

ግርጌው ላይ ሰማያዊውን ጭሬያለሁ። ቀዩን ትቼዋለሁ፣ ያነበበልኝ ሰው የለም።

እትዬሽ


ጥር 2 ቀን

ለእትዬ፣

መጀመሪያ መጨረሻውን ልንገርሽና ይውጣልሽ። ቁጥሩ ተሰጥቷል፣ ለ417ም ለማስተካከያሽም፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ከሰዓት። ዋና ጸሐፊው የእግሩን ነገር እናውጣው ብሎ ነበር። እንግዲያው ቁጥሩን ራስህ ስጠው አልኩት። ቁጥር እንዴት እንደሚሰጥ ስለማያውቅ ተወው። ስምሽን ደግሜ ፈለግሁ፤ «አንድ ተገኘ» ይላል። ጫኙ ያለበትን እያጠያየቅሁ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከታየ ዓመታት አልፈዋል አሉኝ። አገኘሁት ብዬ አልዋሽሽም።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጋሽ ጢሞን ጠርቻቸው መጡ። ደብዳቤሽን ሰጠኋቸው። መስኮቱ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ምን እንደጻፍሽ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፣ የደከመው ሰው ፊት ነበር። ወንበሩ ላይ በደንብ ተደላድለው ተቀመጡና ረቂቄን አሳዪኝ አሉ።

ሰጠኋቸው። የእጅ ጽሑፋቸውን ቶሎ አላወቁትም፣ ኋላ ግን በእጃቸው ዳሰሱት። ማስመሪያ ጠየቁኝ። አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ እኔ የተጻፈውን ልከተል አሉኝ። ረቂቁን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሬ አነበብኩ፣ እሳቸው በ417 ላይ በጣታቸው ተከተሉ። አሥራ ሁለት ላይ ስንደርስ ጣታቸው ቆመ። ቀጥይ አሉኝ። እስከ መጨረሻው ረድፍ አነበብኩላቸው፤ በ417 ላይ ያለችውን ሰረዝ ሲያዩ እንደ ሳቅ ያለ ትንፋሽ አወጡ። ቀጥሎ አራቱን መስመርሽን አስነበቡኝ፣ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ።

ቀይ እርሳስ አለሽ ወይ አሉ። የቀጭኗ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አንድ ቁራጭ ነበር። ከሰማያዊሽ ጎን በቀስታ ጫሩ። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አሉኝ፦ «ይቅር ማለቴ አይደለም። አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነው ማለቴ ነው።»

ወረቀቱን ካነሳሁት በኋላ ብዙ አየሁት። የሳቸው ጭረት ወደ ቀኝ ነው የተጋደመው።

ሚጢሽ